ሽቦ የሚያመጣው ምስክርነት

ቻርት ፕሎተር የባሕር ካርታን በስክሪን ላይ ዘርግቶ ጀልባዋ የት እንዳለችና ወዴት እንደምታመራ የሚያሳይ ኮምፒውተር ነው። አብዛኛው እውቀቱ ግን የራሱ አይደለም። ጥልቀቱን ከጥልቀት መለኪያው፣ ነፋሱን በምሰሶው ጫፍ ከተተከለው መሣሪያ፣ አቅጣጫውን ከኤሌክትሮኒክ ኮምፓሱ፣ በአካባቢው የሚያልፉትን መርከቦች ማንነት ከኤአይኤስ መቀበያው ይሰማል። ባለ ጀልባ ፕሎተሩን በአዲስ ሲተካ እነዚህን ሁሉ አብሮ አይቀይርም። ሃያ ዓመት ያገለገለ ጥልቀት መለኪያ ዛሬም አሳምሮ የሚለካ ከሆነ የሚጣልበት ምክንያት የለም፤ ስለዚህ አሮጌው ከአዲሱ ጋር በሽቦ ይያያዛል። ሥራው ላይ ላዩን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጉዳይ ነው። ከሥሩ ግን ፈላስፎች የተሟገቱበት ጥያቄ አለ፦ አንድ ሰሚ ራሱ ያላየውን ነገር ሌላው ስለነገረው ብቻ እንደ እውቀት አድርጎ ሊይዘው የሚችለው በምን መብት ነው?

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ስለ ተአምራት ባሳተመው ጽሑፍ የሰጠው መልስ ጥብቅ ነው። ምስክር ክብደት የሚኖረው፣ የምስክሮች ቃልና የተፈጸመው ነገር ብዙውን ጊዜ ሲገጣጠሙ ስላየን ነው፤ ከልምድ ያልተገኘ አመኔታ መሠረት የለውም። የአገሩ ልጅ ቶማስ ሪድ እ.ኤ.አ. በ1764 በተቃራኒው ቆመ። ሰው እውነት የመናገርም የነገሩትን የማመንም ዝንባሌ አብሮት ይፈጠራል፤ ሕፃን የእናቱን ቃል የሚያምነው ቀድሞ መዝገብ ይዞ አመዛዝኖ አይደለም፤ እምነት ማስረጃን ቢጠብቅ ኖሮ ጨርሶ ባልተጀመረ ነበር። ሽቦ የሚያገናኘው ሰው ሳያውቀው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ሪድን ነው፤ ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ ከመጣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

የአሮጌ መሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ የአሜሪካ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ኤንኤምኢኤ 0183 የተባለው ደንብ ነው። በዚህ ቋንቋ ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ምልክት ይጀምራል፤ ሁለት ፊደላት ተናጋሪውን፣ ሦስት ፊደላት የመልእክቱን ዓይነት ይገልጣሉ፤ ከዚያ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ቁጥሮች ይከተላሉ። ርዝመቱ ከ82 ምልክት አይበልጥም፤ የተለመደው ፍጥነቱም በሰከንድ 4800 ቢት ነው። በአንድ መስመር ላይ ተናጋሪው አንድ ነው፤ ሰሚዎች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰሚ ግን በዚያው መስመር መልሶ መጠየቅ አይችልም። «ይህን እንዴት አወቅህ?» የሚባልበት መንገድ የለም። በኋላ የመጣው ኤንኤምኢኤ 2000 በአንድ የጋራ መስመር ላይ ሁሉም እንዲናገርና እንዲሰማ ያደርጋል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ነው። አሮጌው ከዚህ ጋር የሚገናኘው በመካከል በሚገባ መቀየሪያ ነውና ፕሎተሩ የሚሰማው የሰሚ ሰሚ ይሆናል።

የሽቦው ጫፎች ቢገለባበጡ ወይም ፍጥነቱ ባይገጥም ስክሪኑ ባዶ ይቀራል። ይህ ቀላሉ ብልሽት ነው፤ ዝምታን ማንም ያስተውላል። ከባዱ አሮጌው መሣሪያ አጥርቶ እየተናገረ አዲሱ በሌላ ትርጉም ሲረዳው ነው። ዓረፍተ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከኮከብ ምልክት በኋላ ሁለት የማረጋገጫ ምልክቶች ያስከትላል። እነዚህ የሚያረጋግጡት ቃሉ እንደተላከ መድረሱን ብቻ ነው፤ እውነት መሆኑን አይደለም። መልእክተኛን ከማመን መልእክትን ማመን እንደሚለይ ለማስረዳት መምህራን ብዙ ይደክማሉ፤ መሐንዲሶቹ ልዩነቱን በሁለት ምልክት አስቀምጠውታል።

ጥልቀትን እንመልከት። መለኪያው ከውኃው ወለል በታች ግማሽ ሜትር ላይ፣ የጀልባዋ የታችኛው ጫፍ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው እንበል። መለኪያው ከራሱ እስከ ባሕሩ አፈር 2 ሜትር ቢለካ ውኃው 2.5 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ከጀልባዋ በታች የቀረው ግን 1 ሜትር ብቻ ነው። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። አሮጌው መሣሪያ ግማሹን ሜትር አስቀድሞ ደምሮ 2.5 ሲል፣ አዲሱም ያንኑ እንዲደምር ከታዘዘ ስክሪኑ 3 ሜትር ያሳያል። በመካከሉ የዋሸ የለም፤ ሐሰቱ የተወለደው ሁለት እውነተኞች ሲገናኙ ነው። አቅጣጫም እንዲሁ ነው፤ የማግኔት ሰሜንን የሚናገር ኮምፓስ እውነተኛውን ሰሜን ከሚጠብቅ ሰሚ ጋር ቢገናኝ እያንዳንዱ ቁጥር ልክ ሆኖ ድምሩ ይሳሳታል።

የአሮጌ ጂፒኤስ ነገር ከዚህም ይገርማል። የጂፒኤስ ሥርዓት ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1024 ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 እና በሚያዝያ 2019 ተከስቷል። ለዚህ ያልተዘጋጁ አሮጌ መቀበያዎች ቦታውን በትክክል እየተናገሩ ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስዱታል። እንዲህ ያለውን መቀበያ ለቦታ ማመን ይቻላል፤ ቀኑን ከእሱ ወስዶ የባሕር ውኃውን ዕለታዊ ከፍታና ዝቅታ የሚያሰላ ፕሎተር ግን ይስታል። ምስክር በየጉዳዩ እንጂ በጅምላ አይታመንም። ሂዩም የምስክርን ታሪክ መመዘን እንደሚገባ ሲናገር ልክ ነበር፤ ሚዛኑ ግን ለእያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው መያዝ አለበት።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ሮያል ማጀስቲ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ አሳይታለች። መርከቧ እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1995 ከቤርሙዳ ተነሥታ 1,509 ሰዎችን ይዛ ወደ ቦስተን አመራች። ከተነሣች ብዙም ሳይቆይ የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ተነቀለ። ጂፒኤሱ ሳተላይቶቹን ማየት ሲያቅተው ከፍጥነትና ከአቅጣጫ ብቻ ቦታውን እየገመተ መናገሩን ቀጠለ፤ በትንሹ ስክሪኑ ላይ ግምት መሆኑን በአጭር ምልክት ጻፈ፣ በሚልከው ዓረፍተ ነገር ውስጥም ቃሉ የማይጸና መሆኑን አመለከተ። የደንቡ ቋንቋ ለዚህ ፊደል መድቧል፤ «ኤ» የጸና፣ «ቪ» ያልጸና ማለት ነው። መርከቧን በራሱ የሚመራው አውቶፓይለት ግን ይህን ፊደል እንዲያነብ አልተሠራም ነበር። የጂፒኤሱ ሠሪዎች ጥርጣሬን በምልክት መግለጥ ይበቃል አሉ፤ የአውቶፓይለቱ ሠሪዎች ደግሞ ቦታው የጠፋበት ተናጋሪ ባዶ ይልካል ወይም ዝም ይላል ብለው ጠበቁ። ምስክሩ «አላየሁም» እያለ ሰሚው «አየሁ» ብሎ መዘገበ።

አውቶፓይለቱ ጨርሶ የዋህ አልነበረም። የጂፒኤሱን ቃል ራሱ ካሰላው ቦታ ጋር ያወዳድር ነበር፤ ልዩነት ቢያገኝ ይጮኻል። ጂፒኤሱም በዚያ ሰዓት የሚገምተው አውቶፓይለቱ ከሚጠቀምበት ከዚያው ኮምፓስና ከዚያው የፍጥነት መለኪያ ስለሆነ ሁለቱ ተስማሙ። አንድ ምንጭ በሁለት አፍ ተናገረ፤ ማሽኑም ሁለት ምስክር ቆጠረ። ሎራን የተባለው ራሱን የቻለ ሌላ የቦታ መፈለጊያ በመርከቧ ላይ እየሠራ ነበር፤ ከጂፒኤሱ ጋር በየጊዜው ያመሳከረው አልነበረም። ይባስ ብሎ ማሽኑ የሰዎቹንም ዓይን ገዛ። አንድ መኮንን በራዳር ያየውን ነገር የሚጠብቀው የመግቢያ ምልክት ነው ብሎ ተቀበለ፤ ሌላው ሳያይ የቀረውን ምልክት እንደታየ አድርጎ ለካፒቴኑ ነገረ፤ ጂፒኤሱ መንገዱ ልክ ነው ብሎታልና። ከቤርሙዳ ከተነሣች ከ34 ሰዓት ያህል በኋላ፣ ሰኔ 10 ማታ፣ መርከቧ ከናንታኬት ደሴት በስተምሥራቅ ባለ የአሸዋ ደለል ላይ ወጣች። አለች ከተባለበት ቦታ 17 ማይል ያህል ርቃ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ የተጎዳ የለም።

ከዚህ አደጋ አንጻር ሲታይ የሪድ ሐሳብ የሚጸናው በከፊል ነው። በጨለማ ባሕር ላይ እያንዳንዱን ቁጥር እስኪፈትን የሚጠብቅ መርከበኛ የለም፤ በማመን መጀመር ግድ ነው። ነገር ግን ሪድ ያሰበው ሰሚ የተናጋሪውን ፊት ያያል፣ ማመንታቱን ከድምፁ ይለያል። በሽቦ የመጣ ቁጥር ፊት የለውም፤ ያለው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ መቀየሪያው ያንን ከጣለው ማመንታቱ መንገድ ላይ ይቀራል። እምነት በነባሪነት ሊሰጥ የሚችለው የሚሻርበት በር ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነው። በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ገመዱን የሚዘረጋው ሰው መሆኑ፣ ጉዳዩን ከቴክኒክ ወደ ኃላፊነት ያሻግረዋል።

በተግባር የሚከተለው ጥቂት ነው። በፕሎተሩ የምንጭ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ መታየት አለበት። የጥልቀት ማስተካከያ በአንድ ቦታ ብቻ ይደረግ። ፕሎተሩ፣ ራዳሩና አውቶፓይለቱ ቦታን ከአንድ ጂፒኤስ የሚወስዱ ከሆነ ሦስቱ ስክሪኖች መስማማታቸው እንደ ማረጋገጫ አይቆጠር፤ ማረጋገጫ የሚሆነው በሌላ መንገድ የተለካ ጥልቀት ወይም በዓይን የታየ የመብራት ማማ ነው። አሮጌው ጥልቀት መለኪያ የራሱ መስኮት ካለውም፣ ከተገናኘ በኋላ መስኮቱ ባይነቀል ይሻላል።

ግንኙነቱ ከመጽደቁ በፊት ደግሞ ጀልባዋ ከወደብ ሳትወጣ የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ይነቀልና ስክሪኑ ይታይ። ፕሎተሩ ቦታውን ማጣቱን ከተናገረ ይበቃል። ጀልባዋን እንደ ወትሮው በካርታው ላይ ማሳየቱን ከቀጠለ ግን ሥራው አላለቀም።