ሐዘንተኛ ወይስ ቱሪስት?

አባቷ አራት ኪሎ ሥላሴ ተቀብረዋል እንበል። እሷ ከዋሽንግተን ለሁለት ሳምንት መጥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ መቃብሩ አጠገብ ጧፍ ታበራለች። ይህች ሴት ቱሪስት ናት?

የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ስታቲስቲክስ መመሪያ «አዎ» ነው የሚለው። ከለመደው አካባቢ ወጥቶ፣ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ፣ በሄደበት አገር ሊቀጠር ሳይሆን በሌላ ጉዳይ የተጓዘ ሰው ጎብኚ ነው፤ ካደረ ደግሞ ቱሪስት። ዘመድ ጥየቃም ሃይማኖታዊ ጉዞም ከዚህ አይወጣም። እንደኔ ኮድ ሲጽፍ ለሚያመሽ ሰው ደስ የሚል ትርጉም ነው፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ቁጭ ይላል። ግን እሷም፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴን መቃብር ፎቶ ሊያነሳ የመጣውም፣ እኩል አንድ አንድ ረድፍ ነው የሚደርሳቸው።

ግቢው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚቆጠር አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ያለ ፍርድ የረሸናቸው ባለሥልጣናት እዚህ አሉ። አርበኞች አሉ። የጣልያንን ወረራ በብዕሯ የተዋጋችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት አለች። ሐምሌ 7 የንግሡ ዕለት ብትሄዱ ማን ጎብኚ፣ ማን ምእመን፣ ማን ልጅ እንደሆነ በዓይን አትለዩም።

ሰሞኑን የምማረው ዓይነታዊ ምርምር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ አትቁጠር፣ ጠይቅ ይላል። ቃለ መጠይቁ ተቀርጾ በጽሑፍ ይገለበጣል፣ ከዚያ «ኮድ» ይደረጋል። (የነሱ ኮድ ከኛ ጋር አይገናኝም። ከተናጋሪው ቃል ጎን የሚለጠፍ አጭር ስያሜ ነው፤ «ናፍቆት»፣ «ቁጭት» ዓይነት።)

ችግሩ የኛ ሰው ንግግር ነው። «ለምን መጡ?» ስትላት «እንዲያው ልሳለም ብዬ ነው» ትልሃለች። መንዝ ውስጥ ያጠናው አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያለው በከንቱ አይደለም። ጥሩ ጠያቂ ሰሙን አልፎ ወርቁን እንዲያወጣ ይሠለጥናል፦ ዝም ማለት፣ መጠበቅ፣ «እስቲ ስለሱ ይንገሩኝ» ማለት። ይሠራል እኮ፣ የሚያስፈራኝም መሥራቱ ነው። ለሃያ ዓመት ለእህቷ ያልነገረችውን ለአንድ ደብተር ለያዘ እንግዳ ትናገራለች። የፈቃድ ቅጹን የፈረመችው ግን መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ምን እንደምትናገር ራሷም ሳታውቅ።

ታዲያ ዝም ብለን እንተዋት? እሱም ቀላል አይደለም። የሐዘንተኛ ድምፅ የሌለበት ጥናት ለዕቅድ አውጪው ሲደርስ መብራቱም፣ መንገዱም፣ የአስጎብኚው ቆሞ ማውሪያም ካሜራ ለያዘው ይመቻቻል። የአባቷ መቃብር የሰው ፎቶ ጀርባ ይሆናል። «አልጠየቅናትም፣ አክብረናት ነው» ማለት ያኔ አያዋጣም።

እኔን ያሳመነኝ ፈቃድን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው፣ የተናገረችው ተጽፎ ከተነበበላት በኋላ። «ይቺን አውጣት» ካለች ይወጣል፣ ጥናቱ ቢሳሳም። «ልሳለም ነው» ካለች ደግሞ በቃ፣ እንዳለችው ይጻፍ፤ ሰም መሆኑን ብጠረጥርም ወርቁን በግምት ከጎኑ አልሞላም።

ያላነጋገርኳቸውስ? መጻሕፍቱ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ማየት ብዙ ጊዜ ፈቃድ እንደማይጠይቅ ይነግሩሃል። የሥላሴ በር ክፍት ነው፣ እውነት ነው። የተከፈተው ግን ለሚጸልይ ነው። ግንቡን ተደግፋ የምታለቅስ ሴት ካየሁ፣ ደብተሬ ላይ ሰዓቱን እንኳ መጻፍ ይከብደኛል።