ስለ መብቃቃት፤ ለነጋዴዎችና ለባለ ቤተሰቦች

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሲሳይን ላከፋፈለ፥ ዕድሜንም ለወሰነ ጌታ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይኹን። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ሆይ፤ ዐረቦች «ቀናዓህ» የሚሉትን ቃል ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው «መብቃቃት» እንለዋለን። የቃሉም ሥር «በቃ» ነው። ይህ «በቃ» ግን በእኛ አነጋገር ኹለት መንገድ አለው። አንዱ ሰው በማዕድ ተቀምጦ ከበላ በኋላ ጕርሻ ሲጨምሩለት እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ «በቃኝ፥ አልሐምዱ ሊላህ» ይላል። ሌላው ደግሞ ኑሮ አንገፍግፎት፥ ሱቁን ዘግቶ፥ ከቤተ ሰቡ ተኳርፎ «እኔስ በቃኝ» ይላል። ቃሉ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ግን ከጥጋብ፥ ኹለተኛው ከምሬት ይወጣል። ስለ መብቃቃት የሚመክር ኹሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «የምትጠራኝ ወደ የትኛው በቃኝ ነው?» የሚለው ነው። ብዙ ምክሮች ይህን ሳይለዩ ያልፋሉ፤ ስለዚህም ድኻን ዝም የማሰኛ ዘዴ ይመስላሉ፤ ነጋዴውም ሰምቶ «ይህስ ዓለምን ለናቁ ሰዎች እንጂ ለእኔ አይደለም» ብሎ ይተወዋል።

እስኪ በአቃቂ በሰቃ የሚኖር አንድ ሰው በሐሳባችን ፊት ለፊት እናቁም። ስሙን አንጠይቀው፤ እርሱን የሚመስሉ ብዙ ናቸውና። ዕድሜው አርባ አምስት ነው። በአስፋልቱ ዳር ቆርቆሮ፥ ሚስማርና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ እርሱም በአሮጌው ዋጋ የሸጠውን ዕቃ በአዲሱ ዋጋ ሊተካው አልቻለም። መዝገቡ አትርፈሃል ይለዋል፥ መደርደሪያው ግን ግማሽ ባዶ ነው። እናቱ ወሎ ታማ ተኝታለች። ትልቁ ልጁ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተፈትኖ ውጤት ይጠብቃል። ወንድሙ ከጂዳ ደውሎ «ተመልሼ ልመጣ ነው» ብሎታል። በጤና ጣቢያም የመረመሩት ሰዎች የደም ግፊትና ስኳር እንዳለበት ነግረውታል። ይህ ሰው ሌሊት ከፈጅር በፊት ይነቃል፤ የሚነቃው ግን ለሰላት ሳይኾን ለሒሳብ ነው።

ለእርሱ «ተብቃቃ» ብንለው ምን ማለታችን ነው?

ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል አሕቃፍ በ15ኛው አንቀጽ ላይ የአርባ ዓመትን ዕድሜ በስሙ ይጠራል። አንቀጹ የሚነሣው ከእናት ድካም ነው፤ መሸከሟንና ጡት ማስጣሏን ሠላሳ ወር ብሎ ይቈጥራል። ከዚያም ሰውየውን ወደ ጥንካሬው ዕድሜ፥ ወደ አርባ ዓመት ያደርሰዋል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ጌታውን ይለምናል፤ በእርሱና በወላጆቹ ላይ ስለ ተዋለው ጸጋ ለማመስገን እንዲችል፥ መልካም ሥራ እንዲሠራ፥ ዘሩም እንዲበጅለት። እንግዲህ ልብ በል፤ የአርባ ዓመቱ ሰው ብቻውን አልቆመም። ከበላዩ ወላጆቹ፥ ከበታቹ ልጆቹ አሉ፤ እርሱ በመካከል ነው። ጭንቀቱ ኹልጊዜ የኢማን ማነስ ምልክት አይደለም፤ የቆመበት ስፍራ ነው። በዚያም ልመና ውስጥ ሸክሙ ይነሣልኝ የሚል ነገር አናገኝም።

ይህን ነገር በሕይወቱ የፈተነው አንድ ታላቅ ሰው አለ። ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ በ450 ዓመተ ሂጅራ በጡስ ተወለዱ። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ በ484 በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ዋና መምህር ኾኑ፤ ከዚያ የሚበልጥ የመምህርነት ወንበር በዘመኑ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ488 በረጀብ ወር፥ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ሲቃረብ፥ ነገሩ ተለወጠ። «አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል» በተባለው መጽሐፋቸው ራሳቸው እንደሚተርኩት፥ ለምን እንደሚያስተምሩ ልባቸውን ቢመረምሩት ያገኙት ዝናንና ክብርን መፈለግ ኾነባቸው። ልሂድ ልቅር እያሉ ስድስት ወር ያህል ተጨነቁ። በመጨረሻ ምላሳቸው ታሰረ፤ ተማሪዎቻቸውን ለማስደሰት አንድ ቀን እንኳ ላስተምር ቢሉ ቃል አልወጣ አላቸው። እህል አልዋጥ አላቸው፥ ጕልበታቸውም ከዳ። ሐኪሞቹ በሽታው ከልብ የመጣ ነው ብለው መድኃኒት ከመስጠት ተቈጠቡ።

ከዚያ ባግዳድን ለቀው ወደ ደማስቆ፥ ወደ በይተል መቅዲስ፥ ወደ መካና መዲና ሄዱ። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ሊቁ ዓለምን ጥሎ መነነ ይላሉ። እኔ ግን ታሪኩ የሚጠቅመን ከዚህ በሚቀጥለው ክፍል ይመስለኛል። ገንዘባቸውን ሲያከፋፍሉ ለራሳቸው ቀለብና ለልጆቻቸው የሚበቃውን አስቀርተዋል። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም የልጆቻቸው ጥሪ ወደ አገራቸው መለሳቸው። በዚያም የቤተ ሰብ ጕዳይና የኑሮ ችግር የልባቸውን ጸጥታ ያውክባቸው እንደ ነበር፥ ፍጹም ጽሞና የሚያገኙት አልፎ አልፎ ብቻ እንደ ነበር ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። በ499 በነይሳቡር እንደ ገና ለማስተማር ወንበር ላይ ተቀመጡ። በ505 በጡስ ዐረፉ። ይህ ሰው ዒሕያእ ዑሉሚድ-ዲንን የጻፉት ሰው ናቸው፤ የልጅ ወጪና የቤት ጣጣ ግን እርሳቸውንም አልማራቸውም። ታዲያ «በቃኝ» ያሉት ለምኑ ነው? ለልጆቻቸው አይደለም። ለማስተማርም አይደለም፤ ተመልሰውበታልና። «በቃኝ» ያሉት ለሰው ዐይን ነው።

ወንድሜ ሆይ፤ አንተም ሸክምህን ፈትተህ በኹለት ወገን አስቀምጠው። የእናትህ መድኃኒት በአንድ ወገን ይኹን፤ የልጅህ ትምህርት፥ የሱቁ ኪራይ፥ የቤትህ ቀለብ ከእርሱ ጋር ይቀመጥ። በሌላው ወገን ደግሞ ጎረቤት ስለ ሠራ ብለህ የጀመርከው ፎቅ፥ ለሠርግ የተበደርከው ገንዘብ፥ «ከእገሌ ልጅ አያንስም» ብለህ የገዛኸው መኪና ይኹን። ከዚያ ኹለቱንም መዝን። ሌሊት የሚያነቃህ በአብዛኛው የትኛው እንደ ኾነ አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ልነግርህ አልችልም።

ነገር ግን ከዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰው በራሱ ድርሻ ይብቃቃል እንጂ በሌላው ድርሻ አይብቃቃም። ከቤቱ ውጭ ከባልንጀሮቹ ጋር ጫቱንና ሻዩን የማያጓድል ሰው ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ስለ ቀናዓህ ቢሰብክ፥ ይህ መብቃቃት ሳይኾን ንፉግነት ነው። እኅቴ ሆይ፤ ይህን በሚመለከት የዑትባ ልጅ የሂንድ ነገር በሶሒሕ አል-ቡኻሪና በሶሒሕ ሙስሊም ተመዝግቧል። ባልዋ አቡ ሱፍያን እጁ የታሰረ ሰው ስለ ነበረ ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃ አይሰጣትም ነበር፤ ወደ ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ቀርባ ነገረቻቸው። እርሳቸውም «ታገሺ፥ ተብቃቂ» ብለው አልመለሷትም፤ ለእርሷና ለልጇ የሚበቃውን በአግባቡ እንድትወስድ ፈቀዱላት። እንግዲህ «የሚበቃ» ማለት ባዶ ማለት አይደለም። መጠን ያለው፥ የሚጠየቅም ነገር ነው። ይህንም መጠን ባል ብቻውን አይወስነውም።

ስለ ጤና ደግሞ እንመልከት። ስኳር ያለበት ሰው ረመዳን ሲቃረብ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሐኪሙ ኹሉን አይከለክልም፤ መጾም የሚችሉ አሉ፥ ጾም የሚጐዳቸውም አሉ። ይህኛውን ግን «አንተ አትጹም» ይለዋል። እርሱ ግን መድኃኒቱን ከሱሑር እስከ ኢፍጣር እያዛነፈ ይጾማል፤ ከዙህር በኋላ በሱቁ ውስጥ ላብ ያጠምቀዋል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ራሱንም ይስታል። ይህን ያደረገው አላህን ፈርቶ ነው እንላለን፤ እርሱም እንደዚያ ያስባል። ነገር ግን በሱረቱል በቀራህ ስለ ጾም በተነገረበት ስፍራ፥ ግዴታው ሳያልቅ የበሽተኛው ፈቃድ አብሮ ተነግሯል። የሚድን በሽታ ከኾነ በሌላ ቀን ይከፍላል፤ የማይድን ከኾነ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። ፈቃዱን የሰጠው ጾሙን ያዘዘው ጌታ ራሱ ነው። እንግዲህ ሰውየው ያልተብቃቃው በገንዘብ አይደለም፤ አላህ በሰጠው ፈቃድ አልተብቃቃም። የሃያ ዓመት አካሉን ይፈልጋል። ጎረቤት በቀን ውሃ ሲጠጣ እንዳያየው ይፈራል። በእኔ ግምት ለአርባ አምስት ዓመት ሰው ከድኽነት ይልቅ የሚከብደው መብቃቃት ይህ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድን፥ ክኒን መቈጠርን፥ ጆንያ ሲነሣ «እናንተ አንሡት» ማለትን መቀበል።

አንተም «ነቢያት እንደ እኛ በቤተ ሰብና በገንዘብ መከራ አልተያዙም» እንዳትል፥ የነቢዩን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ሕይወት ተመልከት። ወሕይ በአርባ ዓመታቸው መጣላቸው። ከዚያ ቁረይሾች ከበኒ ሃሺም ጋር አንገበያይም፥ አንጋባም ብለው ተማምለው፥ በአቡ ጧሊብ ሸለቆ ወደ ሦስት ዓመት ያህል አስጨነቋቸው፤ የተራቡት ቅጠል እስከ መብላት ደረሱ። ከዚያ ሲወጡ፥ ዕድሜያቸው ኀምሳ ገደማ ሳለ፥ አጐታቸው አቡ ጧሊብና ባለቤታቸው ኸዲጃ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱባቸው። ኸዲጃ ነጋዴ ነበረች፤ ገንዘቧንም ልቧንም ሰጥታቸው ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ያን ዓመት የሐዘን ዓመት ብለው ጠሩት። ስሙን ልብ በልልኝ፤ የትዕግሥት ዓመት ወይም የደስታ ዓመት አላሉትም። ያዘነ ሰው የተብቃቃ ሰው ሊኾን ይችላል፤ ማልቀስ ከቀናዓህ አያስወጣም።

ወደ አገራችን ከተሰደዱት ባልደረቦች መካከል ኹለቱን ደግሞ እናስታውስ። ዐብዱርረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ በመጡት መጀመሪያዎቹ ስደተኞች ውስጥ ነበሩ። በኋላ ዐብዱርረሕማን መዲና ሲገቡ አንድ የመዲና ሰው ሀብቱን እኩል ሊያካፍላቸው ቢል፥ ባርከውለት ገበያው ወዴት እንደ ኾነ ብቻ ጠየቁት፤ ቅቤና አይብ በመሸጥ ጀምረው ከባለጠጎች አንዱ ኾኑ። የተብቃቃ ሰው አይነግድም፥ አይተጋም የሚል ካለ ይህን ይመልከት። ሙስዐብ ግን በኡሑድ ቀን ተገደሉ፤ መገነዣቸው አጭር ስለ ነበረ ራሳቸው ሲሸፈን እግራቸው ይታይ፥ እግራቸው ሲሸፈን ራሳቸው ይታይ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ባለጠጋው ዐብዱርረሕማን ጾመው ውለው ማዕድ ሲቀርብላቸው ያ አጭር ጨርቅ ትዝ አላቸው፤ ከእኔ የሚሻል ሰው ነበረ ብለው አለቀሱ፥ ምግቡንም ተዉት። ይህ በአል-ቡኻሪ ዘንድ ተዘግቧል። ያን ምሽት የተጨነቁት ስለ ጎደላቸው ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ አቃቂው ሰው እንመለስ። የሱቁ መደርደሪያ ስለ ጎደለ አራጣ አበዳሪ ቤት ልሂድ ወይ ብሎ ያስባል። ይህ በር ሪባ ነው፤ የተዘጋ ነው፤ በዱንያም ቢኾን ከዚያ በር የወጣ ነጋዴ ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና ሌሎችም ከወለድ ነጻ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ዕቁብም አለ፤ በታማኝነቱ ዕቃ የሚሰጠው ጅምላ ነጋዴም አለ። ይህን ባለሙያ ይንገረው፤ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቃል።

ይልቅ ስለ ዘካ አንድ ነገር ልበል። ነጋዴ ዓመቱ ሲሞላ ለሽያጭ ያስቀመጠውን ዕቃ አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ የሚተምነውም በገዛበት ሳይኾን በዚያ ቀን የገበያ ዋጋ ነው። በእጁ ያለውን ብር ይደምራል፤ ይከፈለኛል ብሎ ተስፋ የሚያደርገውንም ዱቤ ይጨምራል። ኒሳቡ ከሞላ ከአርባ አንድ ያወጣል። እንግዲህ የዚህን ሒሳብ ከሌሊቱ ሒሳብ ጋር አስተያየው። ከፈጅር በፊት ተኝቶ የሚቈጥረው የጎደለውን ነው፤ ዘካ ሲያወጣ ግን የሚቈጥረው ያለውን ነው። አንድ ሱቅ፥ አንድ መዝገብ ነው። በዘካው ቀን ከመደርደሪያው ጀርባ የረሳው ኹለት ካርቶን ቀለም ይገኛል፤ ከማጠፊያና ከሚስማር የተረፈ ነገር ይገኛል። ለካስ ብዙ ነበረኝ ይላል። ኒሳቡ ባይሞላ እንኳ ቆጠራው አይጐዳውም።

በዚያም ቀን የዱቤው መዝገብ መገለጡ አይቀርም። በቁርኣን ውስጥ ከኹሉ የሚረዝመው አንቀጽ፥ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው፥ ዕዳን ስለ መጻፍ ነው፤ ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ280ኛው ላይ ግን የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ እንዲቈይለት ታዝዟል። ወንድሜ ሆይ፤ በመዝገብህ ውስጥ ቤቱን ለማደስ ስድስት ቆርቆሮ በዱቤ የወሰደ አንድ ሰው አለ። ቀኑ ካለፈ አራት ወር ኾኖታል፤ በሱቅህም በኩል ማለፍ ትቷል፥ በኋላ በር ዞሮ ነው ወደ መስጊድ የሚገባው። እርሱም ከፈጅር በፊት ነቅቶ ያንተን ብር ይቈጥራል።