ቁጥሩን ከመጨመርህ በፊት

ልጄ፣ ዳታቤዝህ ፖስትግሬስ «ይቅርታ፣ ደንበኛ በዝቷል» ብሎ ሲመልስህ፣ አለቃህም ደጋግሞ ሲደውል፣ የግንኙነት ጣሪያውን፣ ማክስ ኮኔክሽንስን፣ ከ100 ወደ 1000 ማድረስ እንደሚያምርህ አውቃለሁ። ተረጋጋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይህ ቅንብር ሰርቨሩ ጠፍቶ እስኪነሳ አይሠራም፤ በሥራ ሰዓት ብታጠፋው ደግሞ በደህና የሚሠራውንም ትበትናለህ።

መጀመሪያ ቦታውን የያዘው ማን እንደሆነ እይ። ከ100ው 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተጠበቁ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ሲሞላ አንተ የምትገባው በእነሱ ነው። ስለዚህ አፕሊኬሽኑ በአስተዳዳሪ ስም እንዲገናኝ አደራ አትፍቀድ። ገብተህ የግንኙነቶቹን ዝርዝር፣ ፒጂ ስታት አክቲቪቲን፣ ክፈት፣ ስቴት የሚለውን ዓምድ ተመልከት። «አይድል» ያለው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ካየህ ግን እዚያው ቁም፤ ትራንዛክሽን ጀምሮ ሳይጨርስ የተወ ነው፣ የያዘውን ሎክ አይለቅም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው የራሳችሁ ኮድ ውስጥ ነው፦ ስህተት ሲገጥመው ግንኙነቱን ሳይመልስ የሚወጣ አንድ ፈንክሽን። እሱን ሳታርም ብትጨምር 1000ውም ይሞላል።

ራሙንም አስብ። በፖስትግሬስ እያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው። ለመደርደር የሚፈቀደው ራም፣ ወርክ ሜም፣ ካልነካኸው 4 ሜጋባይት ነው፤ ይህም የአንድ ግንኙነት ድርሻ እንዳይመስልህ፣ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የመደርደር ሥራ ያን ያህል ሊወስድ ይችላል። ራሙ ሲያልቅ ሊኑክስ ፕሮሰስ መግደል ይጀምራል፤ አንዱ እንዲህ ሲገደል ፖስትግሬስ የቀሩትንም ሁሉ አቋርጦ እንደ አዲስ ይነሳል። «ደንበኛ በዝቷል» መባል ከዚህ እጅግ ይሻላል።

ስለዚህ ከፖስትግሬስ ፊት ፒጂ ባውንሰርን አቁም። ብዙ መቶ ደንበኛ ተቀብሎ በጥቂት ግንኙነቶች ተራ በተራ ያስተናግዳል። ይህም ሆኖ ካልበቃ ጨምር፣ ግን በልክ፣ ተጠቃሚ በሚቀንስበት ሰዓት። ስታንድባይ፣ ማለትም ተጠባባቂ ቅጂ፣ ካለህ ከእሱ ጀምር፤ ቁጥሩ ከዋናው ካነሰ ቅጂው ይቆምብሃል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል፤ ፕሮግራመሮቹ 1000ን ከለመዱ በኋላ ወደ 100 እንመለስ ብትላቸው የሚሰማህ አታገኝም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሰርቨሩን ከማጥፋትህ በፊት ያን ዝርዝር ክፈትና «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚሉትን ቁጠራቸው።