በሩን ከፈት አድርገው

«በሩን ከፈት አድርገው» የተባለ ልጅ ነፋስ የሚያስገባ ያህል ገርበብ አድርጎት ይመለሳል። «ክፍት አድርገው» ከተባለ ግን በሩ እስከ ግድግዳው ይሄዳል። «ትንሽ» ወይም «በደንብ» ያለ የለም፤ ሦስቱ ተነባቢዎችም ያው ናቸው። የድርጊቱን ልክ የያዘው በመካከላቸው ያለው ድምፅ ነው። ሰበርና ስብር፣ ቀደድና ቅድድም እንዲሁ ናቸው።

ስለ ቃል ምሥረታ ሲነሣ ቶሎ የሚነገረን የቅጥያ ነገር ነው፤ «ቤት» ላይ «-ኦች» ሲጨመር «ቤቶች» ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ቀላሉ ክፍል ይህ ነው። የአማርኛ ግስ ትልቁን ሥራ የሚሠራው በሆዱ ነው። «ሰበረ» ውስጥ «ባ» ስትገባ «ሰባበረ» ይሆናል፤ ዕቃው እንክትክት ብሏል ማለት ነው። «ቀመሰ» በዚያው መንገድ ሄዶ «ቀማመሰ» ሲሆን ግን በላተኛው አልጠገበም፤ ከዚህም ከዚያም ቆንጠር አድርጎ ተነሥቷል። አንዱ ቅርጽ እዚያ አጠነከረ፣ እዚህ አላላ። የሚጋጭ ይመስላል እንጂ አይጋጭም፦ ቅርጹ የሚናገረው ድርጊቱ በየቦታው መደጋገሙን ነው። በየቦታው የተሰበረ ይደቅቃል፤ በየቦታው የተቀመሰ ግን ያው ቅምሻ ነው።

ፊደላችን የማያሳየው ነገርም አለ። «ይበላል» የሚለውን «በ»ን አላልተን ካነበብነው ሰውዬው በላተኛ ነው፤ ካጠበቅነው የሚበላው ምግቡ ነው። የ«ተበላ» «ተ» አልጠፋችም፤ «በ» ውስጥ ሰጥማ አጥብቃዋለች። እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ቋንቋውን የተማረው ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነበር። እንዲህ ያለውን መጥበቅና መላላት ከአፍ እንጂ ከብራና አያገኙትም።

ግስን ከውስጥ የመለወጥ አሠራር የጥንት ብቻ አይደለም። ደወል ለቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ስልክ ሲመጣ «ደወለ» አዲስ ሥራ አገኘ፤ «ደዋወለ»ና «ተደዋወለ»ም ማንም ሳያውጃቸው ተከተሉ። ዛሬ ስንለያይ «እንደዋወል» እንባባላለን። «ተ» እዚህም «ደ» ውስጥ ሰጥማለች፤ ድርጊቱ የሁለታችንም ሆኗል። ማን ቀድሞ እንደሚደውል ቃሉ አይናገርም፤ ብዙውን ጊዜም ማንም አይደውልም።