ቢላዋ ያልነካው ሥጋ

ሙስሊምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርተው በሚኖሩባት በባቲ፣ ማዕድ የሚለየው ሥጋ ነው። ሠርግ ሲደገስ ሁለት አራጅ ይጠራል፤ ሁለት ድስት ይጣዳል። ዓሣ ከተገኘ ግን አንድ ሳህን ለሁሉም ይበቃል። ዓሣ አይታረድምና «ማን ባረከው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በግ ሲታረድ የፈጣሪ ስም ይጠራል፤ ቢላዋ የያዘው ሰው ነፍስ እያጠፋ መሆኑን ለአፍታም ቢሆን ያስባል። ዓሣ ግን ከውኃ ወጥቶ፣ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል። ለመሆኑ የማረዱ ግዴታ ሲቀር ኃላፊነቱም አብሮ ይቀራል?

ለእኛ ቅርብ የሆነውን፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበትን ከደሴ በስተሰሜን ያለውን ሐይቅ እንመልከት። ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ የዚያ ውኃ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይኖራል፤ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ረቂቅ ዕፅዋትንና ጥቃቅን ነፍሳትን ይመገባል። ወንዱ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል። እንስቷ እንቁላሏን እዚያ ከጣለች በኋላ በአፏ ትሰበስባለች፤ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉም በአፏ ትጠብቃቸዋለች። በእነዚያ ቀናት ምግብ እምብዛም አትቀምስም። ጾመኛ ናት።

መንጠቆ የሚይዘው የራበውን ነው፤ ጾመኛዋን ብዙም አያታልላትም። መረብ ግን አይመርጥም። በመረብ ተይዛ ስትጨነቅ እንቁላሏን ትተፋለች፤ ከእርሷ ጋር በመቶ የሚቆጠሩ ይጠፋሉ።

እንግዲያው መረብ ይቅር? እንዲህ ማለት ለጠገበ ሰው ይቀላል። አስጋሪው ልጆቹን የሚያሳድገው በመረቡ ነው። በሌላ አገር ደግሞ ዓሣን ለመዝናናት በመንጠቆ ይዘው መልሰው የሚለቁ አሉ። የማይበሉትን አፍ መብሳት ከችግረኛው መረብ ይሻላል ለማለት ይከብደኛል።

ጥፋቱ ያለው ከመሣሪያው ይልቅ ሳያስቡ ከመጎተቱ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ አዋጅ ግን በየታንኳው አይሳፈርም። አራጅ ስም ለመጥራት እጁን እንደሚገታ ሁሉ፣ አስጋሪውም፣ ነጋዴውም፣ በላተኛውም ዓሣዋ በብዛት በምትራባባቸው ወራት እጃቸውን ቢገቱ ቡራኬው ያ ይሆናል። በእነዚያ ወራት እኛም ሽሮ ብንበላ፣ ሳህናችን ያው አንድ ነው።