ማስኮረጅ ፍቅር ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በዚህ በዐቢይ ጾም ከጥሉላት ተከልክለህ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ሳትቀምስ የምትውል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልትሆን ትችላለህ። ወይም ልጅህን ልከህ ውጤቱን የምትጠባበቅ ወላጅ ነህ። እስኪ አንድ ጥያቄ አብረን እንመርምር። ፈተና ላይ ከጎንህ የተቀመጠው ጓደኛህ «ሦስተኛውን ብቻ አሳየኝ» ቢልህ ምን ታደርጋለህ?

አጤሬራ ይዞ መግባት፣ የሌላውን አሳይመንት ስም ቀይሮ ማስረከብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ ማጻፍ ስርቆትና ሐሰት መሆኑ ለማንም አይጠፋውም። ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ማስኮረጁ ነው፤ የደግነት ልብስ ለብሶ ይመጣልና። «ድሀ ነው፤ ቢባረር እናቱ ምን ይውጣታል? ጌታ ስለ እኛ ራሱን ሰጥቶ የለም እንዴ? እኔ አንዲት መልስ ብነፍገው ጾሜ ምን ይረባኛል?» እንላለን። ይሉኝታውም አለ፤ እምቢ ያለ ሰው ስስታም ይባላል። ይህ በቁጣ የሚመለስ ሙግት አይደለም፤ በማስተዋል እንየው።

አንደኛ፣ ምጽዋት የሚሰጠው ከራስ ነው። እንጀራህን ብትቆርስ የጎደለው ካንተ ነው። መልስ ስታሳይ ግን ካንተ ምንም አይጎድልም፤ የሚጎድለው በቦታው ከሌለ ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ የሚፈልገውን ዲፓርትመንት የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በውጤት ተወዳድሮ ነው፤ ቦታውም የተቆጠረ ነው። ለጓደኛህ የጨመርህለት ነጥብ፣ ሌሊቱን ስታጠና ያነጋችውን፣ ስሟን እንኳ የማታውቃትን እኅትህን ከሰልፉ ሊያስወጣት ይችላል። እርሷም እኮ ድሀ እናት ትኖራት ይሆናል! በሰው ኪስ ምጽዋት አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ የፈተና ወረቀት ምስክርነት ነው። ስም ተጽፎበት «ይህን እኔ ዐውቃለሁ» ይላል። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፡16) እዚህም ይሠራል። ምስክርነቱን የሚያምነው መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ነገ መድኃኒት የሚታዘዝለት ሕመምተኛ፣ በድልድዩ ላይ የሚያልፍ መንገደኛም ያምነዋል።

ሦስተኛ፣ ጓደኛህን ራሱን ትጎዳዋለህ። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀድሞ በመውጣቱ ተሰረዘ፤ ያጠናውም ያላጠናውም አብሮ ተጉላላ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ ድካምን ሸፋፍኖ ማሳለፍ ግን እንደማያዋጣ ያን ጊዜ አይተናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና መጥቷል። ለዓመታት ያስኮረጅኸው ወንድምህ በዚያች ቀን ብቻውን ይቀመጣል።

ታዲያ ፍቅር የቱ ጋ ነው? የአብነት ትምህርት ቤታችንን ተመልከት። የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ ከባልንጀራው ጋር ይካፈላል። ቅኔውን ግን እያንዳንዱ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ቢሆንም ቀድሞ የገባው ኋላ ለመጣው ቁጭ ብሎ ያስረዳዋል። እንጀራውም ትምህርቱም የጋራ ነው፤ መልሱ ግን የየራስ ነው።

አንተም እንዲሁ አድርግ። ፈተናው ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት ማስታወሻህን ስጠው፤ ያልገባውን አስረዳው፤ የግቢ ጉባኤ ወንድሞችን ይዘህ አብራችሁ አጥኑ። ይህ ጊዜህን ይወስዳል፤ ከራስህ የሚጎድል እውነተኛ ምጽዋትም ይህ ነው። በፈተናው ሰዓት ግን ዐይንህም እጅህም ይጹሙ።

በገብር ኄር እሑድ የምንሰማውን የመክሊቱን ምሳሌ (ማቴ. 25፡14-30) አስታውስ። ሁለት የተቀበለው ሁለት አትርፎ፣ አምስት ካተረፈው ጋር እኩል ተመሰገነ። የባለ አምስቱን ተበድሮ የራሱ አስመስሎ አልቆጠረም። በላብህ ያመጣኸው ትንሽ ውጤት በእግዚአብሔር ፊት አያሳፍርህም።

እስከ ዛሬ የኮረጅህ ወይም ያስኮረጅህ ከሆነ ተስፋ አትቁረጥ፤ ወደ ንስሐ አባትህ ቅረብ። ዘኬዎስ የወሰደውን ሊመልስ ተነሣ (ሉቃ. 19፡8)። አንተም ሳታውቀው ያለፍኸውን ትምህርት መጽሐፉን ገልጠህ እንደ አዲስ ተማረው፤ ከሚመለሰው አንዱ ይህ ነው። ሌላውን የንስሐ አባትህ ይነግሩሃል።

ወላጅ ሆይ፤ ልጅህ ለፋሲካ ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ከማለትህ በፊት «ምን ዐወቅህ?» ብለህ ጠይቀው። ብዙ ልጅ ወደ ኩረጃ የሚገባው የእኛን ፊት ፈርቶ ነውና።

ጾሙን የበረከት፣ ትምህርቱንም የእውነት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።