በማን ጥርስ እንማር?

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው የሌላው ሕመም ለማይሰማው ሰው ነው። ባለፈው ዕረፍት ቦኖሻ ሻይ ቤት ተሰብስበን የጥርስ ሕክምና የሚማር አብሮ አደጋችን ስለ ትምህርቱ ሲያጫውተን ይኸው ተረት ትዝ አለን።

ትምህርቱ እኛ እንደምናስበው ጉጠት ይዞ መንቀል ብቻ አይደለም። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሐኪም ስለ ሰውነት አሠራር፣ ስለ ነርቭና ስለ ደም ሥር፣ ስለ መድኃኒት ይማራሉ። ቀጥሎ የጥርስን ቅርጽ ከሰም ይቀርጻሉ፤ በሰው ሠራሽ ጭንቅላት ላይም መቦርቦርና መሙላት ይለማመዳሉ። ሰም ግን አያመውም፣ ምራቅ የለውም፣ አይፈራም። ስለዚህ ተማሪው አንድ ቀን እውነተኛ አፍ ፊት መቆሙ አይቀርም። ይህን ያህል ንቀል፣ ይህን ያህል ሙላ የሚል ቅጽም አለ፤ ቁጥሩ ሳይሞላ ምረቃ የለም።

ወዳጃችን የመጀመሪያውን ጥርስ የነቀለው ለአንድ አዛውንት ገበሬ ነበር። ሥሩ ተሰበረበት፤ መምህሩ ደርሶ አወጣው። አዛውንቱ ደማቸውን እየተፉ፣ «አይዞህ ልጄ፣ እጅህ ይለምዳል» አሉት።

«ተማሪ መሆንህን ቀድመህ ነግረሃቸው ነበር?» አልነው። ዝም አለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ለነገው ብዙ ሕመምተኛ ሲባል የዛሬውን አንድ ሰው መማሪያ ማድረግ ተገቢ ነው ወይ? ከመካከላችን አንዱ፣ «ካልተማሩበት ሐኪም ከየት ይመጣል?» አለ። እውነቱን ነው። ነገር ግን የብዙኃን ጥቅም ብቻውን በቂ መልስ እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። በስዊድን፣ ቪፔሆልም በተባለ ሆስፒታል፣ ከ1945 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ጥናት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የሚያጣብቅ ከረሜላ በብዛት ይሰጥ ነበር፤ የብዙዎቹም ጥርስ ተበላሸ። በምግብ መካከል የሚበላ ስኳር ጥርስን ክፉኛ እንደሚጎዳ የታወቀው በአብዛኛው በዚህ ነው። ዕውቀቱ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ግን በደሉን አላጠበውም። ሰዎቹ እምቢ ማለት አይችሉም ነበርና።

አዛውንቱስ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር? የከለከላቸው ሕግ የለም። ግን ሌሊቱን በሕመም ሲገላበጥ ያደረ፣ ለግል ክሊኒክ የሚከፍለው የሌለው ሰው የሰጡትን ወንበር አይመርጥም። ድህነት አፍ ያስከፍታል፤ ያንን ፈቃድ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው።

ስለዚህ በእኛ እምነት ሕመምተኛው የሚያክመው ተማሪ መሆኑ ይነገረው፤ መምህሩ ከጎን ይቁም፤ እምቢ ቢልም ሕክምናውን አይጣ። ሁለተኛ፣ ጥርሱ የሚነቀለው ለእሱ ሲባል እንጂ ለቅጹ ሲባል አይሁን። ተሞልቶ ሊተርፍ የሚችል ጥርስ ቁጥር ስለጎደለ ብቻ ቢነቀል ስርቆት ነው፤ የአዋቂ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ዕዳው ይቀራል። ዕዳውን ለመክፈል ከወንበሩ ራቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ሰው ጥርስ የሚበልዘው ከጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ የተነሣ ነው፤ ያንን የሚከላከለው የተስተካከለ ውኃ እንጂ ጉጠት አይደለም። በሰው አፍ የተማረ ስለዚያ ውኃ ዝም ካለ ዕዳውን ክዷል።

እኛስ? ለጽሑፋችን ብለን ከሽማግሌዎች ተረትና ታሪክ ስንለቅም ምን እንደምናደርግበት ነግረናቸው እናውቃለን? ሻይ ቤቱ ውስጥ ዝም ያለው እሱ ብቻ አልነበረም።

ስንለያይ፣ «ከእንግዲህ ቀድሜ እነግራለሁ» አለን።

«እምቢ ቢሉህስ?»

«መምህሩ ይነቅላል፤ እኔ ቆሜ አያለሁ።»